ተማሪ ስትጠሩ በጀቱን ይዛችሁ ጥሩ

«እስካሁን አልጨረስክም እንዴ?»

እትዬ፣ ምርምር ደወል ስለተደወለ አያልቅም። ተመራማሪው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ከባልደረቦቹ ጋር «ሰላም» የተባለችውን የሕፃን ቅሪተ አካል ዲኪካ በተባለ ቦታ ያገኛት እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። «ኔቸር» መጽሔት ላይ ለዓለም የታወጀችው ደግሞ በ2006 ነው። በመካከሉ ያሉት ዓመታት የደረቀውን አሸዋ ከአጥንቷ ላይ ቅንጣት በቅንጣት የማንሳት ዓመታት ናቸው። ያ ሁሉ ሥራ ነው። የሚሠራ ሰው ደግሞ ይበላል፣ መሣሪያ ይገዛል፣ መኪና ይከራያል። ስለዚህ የእህትዎን ልጅ በበዓል ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት «መቼ ነው የምትመረቀው?» ከማለትዎ በፊት «ለመሆኑ ለምርምርህ ገንዘብ ሰጡህ ወይ?» ብለው ይጠይቁት። የዘገየበትን ምክንያት ያን ጊዜ ይሰሙታል።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። የማስተርስም ሆነ የፒኤችዲ የምርምር ተማሪ ለአገር ሥራ የሚሠራ ሰው ነው። የሥራውም ወጪ ተማሪው ከመግባቱ በፊት ተቆርጦ መቀመጥ አለበት። በጀት ያልተያዘለት ቅበላ ይቅር። ይህን ስል የሚመልሱልኝ ብዙ ናቸው፤ እኔም በየተራ እመልስላቸዋለሁ።

«በነፃ አስተማርንህ! ሌላ ምን ቀረህ?»

ክቡር ዲን፣ ነፃ የሆነው ምዝገባው ነው፤ ምርምሩ ነፃ አልሆነም። ደቡብ ኦሞ ወርዶ የእናቶችን ጤና የሚያጠና ተማሪ የአውቶቡስና የሞተር ሳይክል ይከፍላል፣ ቋንቋውን የሚያውቅ አስተርጓሚ ይቀጥራል፣ ለዳታ ሰብሳቢዎች አበል ይሰጣል፣ መጠይቁን ያባዛል። የኬሚስትሪዋ ተማሪ ሪኤጀንት ትገዛለች፤ ማሽኑ እዚህ ከሌለ ናሙናዋን ወደ ሌላ አገር ላብራቶሪ ትልካለች። የታሪክ ተማሪው መዛግብት ቤት ለመቀመጥ ወራት አዲስ አበባ መክረም አለበት። ይህ ሁሉ በማን ኪስ ነው? ምዝገባውን በነፃ ማድረጋችሁ ያስመሰግናችኋል፤ ግን ምስጋናው ለጀመራችሁት ነው፤ የምንጠይቃችሁ ያልጨረሳችሁትን ነው።

«ደመወዝህ እኮ አልተቋረጠም!»

አዎ፣ አልተቋረጠም። ግን ደመወዙ ለምን እንደሚውል እንነጋገር። ከፒኤችዲ ተማሪዎቻችን ብዙዎቹ የሌላ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው፤ መሥሪያ ቤታቸው ስፖንሰር አድርጎ ልኳቸዋል። ሚስትና ልጆች እዚያው ከተማ ናቸው፤ ተማሪው አዲስ አበባ ሌላ ቤት ተከራይቷል። አንድ ደመወዝ ሁለት ቤት ያስተዳድራል። ከዚሁ ላይ ሦስተኛ ወጪ፣ የምርምሩን ወጪ፣ ይሸፍን ማለት ከልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ላይ ቀንሶ ለመንግሥት ጥናት ይክፈል ማለት ነው። ደግሞ ውሉን አንብቡት፦ ተመርቆ ተመልሶ የሚያገለግልበት ዘመን በዓመት ተቆጥሮ ተጽፏል። ዩኒቨርሲቲው ለምርምሩ የሚከፍለው ግን ብዙ ጊዜ በብር ተቆጥሮ አልተጻፈም። ውል ከሆነ የሁለቱም ወገን ግዴታ በቁጥር ይጻፍ።

«መግቢያ ፈተናውን ያለፈ ሁሉ ይማር፤ መብቱ ነው።»

መብቱ ነው፣ ትክክል። ግን ፈተናው የሚመዝነው የተማሪውን አቅም ነው። የተቀባዩን ክፍል አቅም የሚመዝነው ማነው? ስንት አማካሪ አለው? ላብራቶሪው ውስጥ የሚሠራ ማሽን አለ? ለዚህ ዓመት ገቢ ተማሪዎች የተያዘው የምርምር ገንዘብ ስንት ነው? ተማሪው በፈተና ወድቆ ከሚቀር ይልቅ አልፎ ገብቶ በገንዘብ እጦት ቢቀር ጉዳቱ ይበልጣል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው የሚያጣው ዕድል ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ዕድሜውን ጭምር ነው።

«ደረሰኝ አምጣ!»

ጋሼ፣ ደረሰኝ መጠየቅዎ ልክ ነው። የሕዝብ ገንዘብ ያለ ማስረጃ መውጣት የለበትም። ግን ተማሪው የት እንደነበር ያስቡ። መኪና የማይደርስበት ቀበሌ ወጥቶ ነው የመጣው። በቅሎ ያከራዩት ገበሬ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የላቸውም። ቤታቸው ያሳደሩት እናት የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የላቸውም። መንገድ የመራው የመንደሩ ልጅ ማኅተም የለውም። እነዚህ ሰዎች ገንዘቡን በእጃቸው ተቀብለዋል፤ ተማሪው ግን ከእነሱ የሚያመጣው ሕጋዊ ደረሰኝ ስለሌለ ከኪሱ እንደከፈለ ይቀራል። መፍትሔው ሩቅ አይደለም፦ የተቀባዩ ስምና ፊርማ፣ የቀበሌው ማረጋገጫ፣ አስቀድሞ የተወሰነ ጣሪያ። ይህን መመሪያው ውስጥ አስገቡት። አለበለዚያ መመሪያችሁ የሚፈቅደው አስፋልት ዳር የሚሠራ ምርምር ብቻ ይሆናል፤ የአገሪቱ ችግር ደግሞ ያለው አስፋልት ዳር ብቻ አይደለም።

«የበጀት ዓመቱ ተዘግቷል፤ በአዲሱ ዓመት ተመለስ።»

ዝናብ የበጀት ዓመት የለውም። የመንግሥት መዝገብ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 ይከፈታል። የአፈር መሸርሸርን የምትለካው ተማሪ ጎርፏ የሚመጣው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ሒሳብ ክፍሉ የአሮጌውን ዓመት መዝገብ ሲያጠቃልልና የአዲሱን ሲጠብቅ ማለት ነው። ገንዘቡ ጥቅምት ላይ ቢለቀቅ የምትለካው የደረቀ ቦይ ነው። የወባ ትንኝ የሚያጠናው ደግሞ ከክረምቱ ማግስት፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ወቅት ካመለጠው እንደገና ዓመት ይጠብቃል። በወረቀት ላይ የሦስት ወር መዘግየት የሚመስለው ነገር ምድር ላይ የአንድ ዓመት ኪሳራ ነው። ተማሪዋ ስትዘገይ ተጠያቂ የምትደረገው ግን እሷ ናት፤ የጊዜ ማራዘሚያ ደብዳቤ የምትጽፈውም እሷ ናት። የምርምር ገንዘብ ከዓመት ወደ ዓመት የሚሻገር ይሁን፤ ለሦስት ዓመት ጥናት የሦስት ዓመት በጀት ይጽደቅ።

«የመጀመሪያውን ሳታወራርድ ሁለተኛው ዙር አይለቀቅም።»

ይወራረድ። ሰነዱን በጊዜ ያላስገባ ተማሪ ጥፋቱ የራሱ ነው፤ አልከራከርለትም። ያስገባ ተማሪ ግን ፋይሉ ጠረጴዛ ላይ ስንት ቀን እንደሚያድር የተጻፈ ገደብ ይኑር። ለተማሪው ቀነ ገደብ የሚያስቀምጥ መሥሪያ ቤት ለራሱም ያስቀምጥ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

ይሄዳል፣ ዶሮዋ ከታቀፈችው። ያልታቀፉት እንቁላል ቀስ በቀስ የሚሆነው ነገር መሽተት ነው። ተማሪውን «ታገሥ» የምትሉት ወገኖች፣ እሱ የሚገባውን ያህል ታግሷል። እናንተ የታቀፋችሁት ነገር አለ ወይ? እሱን ንገሩን።

«ዶላር ተወደደ፤ እኛ ምን እናድርግ?»

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ተማሪው ፕሮፖዛሉን የጻፈው፣ እናንተም ያጸደቃችሁት፣ በድሮው ዋጋ ነው። ሪኤጀንቱ፣ ኪቱ፣ የማሽኑ መለዋወጫ፣ የሶፍትዌሩ ፈቃድ በሙሉ የሚገዛው በዶላር ነው። የጸደቀው ብር አንድም ሳይቀነስ የመግዛት አቅሙ ግማሽ ሆነ። ምን እናድርግ ለምትሉት መልሱ ይህ ነው፦ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ዋጋ ሲንር ማካካሻ እንደሚጠይቀው ሁሉ የተማሪውንም በጀት ከልሱለት። ናሙናውን ከ300 ወደ 120 ቀንስ ብላችሁ አታባርሩት። ናሙና የተቀነሰበት ጥናት መልሱም ይደክማል፤ የደከመ መልስ ይዛችሁ ደግሞ ፖሊሲ ልታወጡበት ነው።

«ፈረንጅ ፈንድ ያደርገዋል፤ እኛን ምን አስጨነቀን?»

መልሱ ረዘም ይላልና ታገሡኝ። ለሰጡን ሁሉ ምስጋና ይገባል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978፣ ፒኤችዲ መስጠት የጀመረው በ1987 ነው። ከዚያ ወዲህ የስዊድኑ የልማት ድርጅት ሲዳ ለአሥርተ ዓመታት የምርምር ተማሪዎችን ደግፏል። የጀርመኑ የስኮላርሺፕ ድርጅት ዳድ እዚሁ አገር ውስጥ ለሚማሩ ጭምር ስኮላርሺፕ ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመረው የዓለም ባንክ የልህቀት ማዕከላት ፕሮጀክት ኢትዮጵያ ውስጥ አራት ማዕከላትን አቋቁሟል፦ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የውኃ አስተዳደር፣ የመድኃኒት ግኝትና ሙከራ፣ የባቡር ምሕንድስና፤ በሐረማያ ደግሞ የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም ግብርናና ብዝኀ ሕይወት። እነዚህ ማዕከላት ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ሳይቀር ተማሪ ተቀብለዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፣ መልካምም ነው።

ግን የሚከፍል ሰው ጥያቄውንም ይመርጣል። የሳይንቲስቱን የአክሊሉ ለማን ነገር አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ሞተው የተንሳፈፉ ቀንድ አውጣዎችን አየ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ናቸው። መድኃኒቱ በየጓሮው የሚበቅል፣ ድሃው ገበሬ ራሱ የሚያመርተው ተክል ነበር። የእኛ የምርምር ውጤት ግን በዓለም አቀፍ መስፈርት የተሠራ የመርዛማነት ምርመራ የለውም ተብሎ ዓመታት ቆመ። ምርመራውን ደረጃውን በጠበቀ ላብራቶሪ ለማሠራት ገንዘብ ያስፈልግ ነበር፤ የድሃ አገር በሽታን በድሃ አገር ተክል ለማጥፋት ከውጭ ገንዘብ የሚያፈስ ቶሎ አልተገኘም። አክሊሉና ባልደረባው ለገሠ ወልደዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት አገኙ። ቆይቶ እንዶድ የአሜሪካን ሐይቆች የወረረውን ዚብራ ሙስል የተባለ የውኃ እንስሳ እንደሚገድል ሲታወቅ የፓተንት መብቱን የያዘው የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጥያቄው የእኛ፣ ተክሉ የእኛ፣ ሊቁ የእኛ። የጎደለው ገንዘቡ ነበር፤ የጎደለውም ዋጋ አስከፈለን።

ደግሞ የውጭ ገንዘብ በሰጪው ፈቃድ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ አሜሪካ የውጭ ርዳታዋን ስታቆም በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በኩል ይሠሩ ከነበሩት የግብርና ምርምር ፕሮጀክቶች አብዛኞቹ ተቋረጡ፤ በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ የርዳታ ድርጅቷ ዩኤስኤአይዲ ራሱ ተዘጋ። በፕሮጀክት ላይ ተንጠልጥሎ የሚማር ተማሪ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ጥናቱ ከመሃል ይቆረጣል። ዋሽንግተን ላይ የተፈረመ ደብዳቤ ባሕር ዳር ያለ የመስኖ ጥናት ማቆም ከቻለ ጥናቱን የያዝነው እኛ አይደለንም።

«ታዲያ ከየት እናምጣ?»

ከቃላችሁ። የአፍሪካ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. በ2006 ካርቱም ላይ ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምርና ልማት ለማዋል ተስማምተዋል። ኢትዮጵያ ከተስማሙት አንዷ ናት፤ የኅብረቱም መቀመጫ አዲስ አበባ ነው። በዩኔስኮ አኃዝ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣነው 0.27 በመቶ ነበር። ከገቡት ቃል ሩቡን ከፍሎ «ገንዘብ የለም» ማለት አይቻልም። የቀረው ሦስት ሩብ የት ዋለ ተብሎ ይጠየቃል።

«አሁን ራስ ገዝ ሆነናል፤ ገቢ ማመንጨት አለብን።»

አመንጩ። አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩ መንገድ ከፍቷል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ሆኗል። ሕንፃ አከራዩ፣ የማማከር ሥራ ውሰዱ፣ ፋብሪካ ለሚፈልገው ምርመራ አስከፍሉ፣ የማታና የቅዳሜ ፕሮግራም ክፈቱ። የምርምር ተማሪውን ግን የገቢ ምንጭ አታድርጉት። እሱ የዩኒቨርሲቲው ደንበኛ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲውን ዩኒቨርሲቲ የሚያሰኘውን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። ከምታመነጩት ገቢ የተወሰነ ድርሻ ለተማሪዎች ምርምር ብቻ እንዲውል በሴኔት አስወስኑ፤ ራስ ገዝነታችሁ ለተማሪው የሚታየው ያኔ ነው።

«ስኮላርሺፕ እንደ ጉድ ሞልቷል፤ አፕላይ አድርግ!»

ወንድሜ፣ ቴሌግራም ላይ ሊንክ ከመላክህ በፊት መስፈርቱን እስከ መጨረሻው አንብበው። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ለአባል አገሮች ዜጎች ነው፤ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። የብሪታኒያው ቼቭኒንግ የሚከፍለው ለአንድ ዓመት ማስተርስ ነው፤ ለፒኤችዲ አይደለም። ዳድ በአፍሪካ ውስጥ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ የመጨረሻ ዲግሪህን ከወሰድክ ከ6 ዓመት በላይ እንዳይሆን ይጠይቃል። እኛ አገር ግን ተመርቆ፣ ተቀጥሮ፣ የአገልግሎት ዘመኑን ጨርሶ፣ ስፖንሰር ተራ ደርሶት ለፒኤችዲ የሚበቃ መምህር ስድስቱን ዓመት አብዛኛውን ጊዜ አልፏል። ደግሞ ማመልከቻው ራሱ ወጪ አለው፦ የእንግሊዝኛ ፈተናው በዶላር ነው፣ ሰነድ ማረጋገጫው ይከፈልበታል፣ ፓስፖርቱም እንዲሁ። «ሞልቷል» የምትለው ነገር ላንዳንዱ ሞልቷል። ለአንተ ጓደኛ የሚሆነውን አንድ ፈልገህ ብትልክለት ከመቶ ሊንክ ይበልጥ ትጠቅመዋለህ።

«አንድ ኤጀንት አለ፣ ትንሽ ከፍለህ ያስገባሃል።»

አትክፈል። እውነተኛ ስኮላርሺፕ ገንዘብ የሚሰጥ እንጂ የሚቀበል አይደለም። ማመልከቻው በራሱ ድረ ገጽ በግልጽ ይገኛል፤ ማመልከቻህን የሚጽፍልህ ሌላ ሰው ከሆነ የምትወዳደረውም አንተ አይደለህም። በዚህ መንገድ የተበላ ገንዘብ ብዙ ቤተሰብ በሬ ሸጦ ያዋጣው ነውና ይህን የሚሠሩ ሰዎች ፖሊስ ዘንድ መድረስ አለባቸው።

«ልከናቸው እዚያው ይቀራሉ።»

ከቀሩ ለምን ቀሩ ብለን እንጠይቅ። ገቢሳ ኤጄታ ከአለማያ ኮሌጅ ወጥቶ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ፒኤችዲውን ሠራ፤ አቀንጭራ የተባለውን አረም የሚቋቋም ማሽላ አዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸለመ። ማሽላው ኢትዮጵያ ማሳ ላይ ደርሷል፤ ሰው ርቆም አገሩን ይጠቅማል። ያም ሆኖ የሄደው እንዲመለስ የሚፈልግ ሰው የሚመለስበትን ቦታ ያዘጋጅ፦ የሚሠራ ላብራቶሪ፣ የሚለቀቅ የምርምር ገንዘብ፣ የቤተሰብ ኑሮ። መካከለኛ መንገድም አለ፤ ተማሪው እዚህ ተመዝግቦ፣ እዚህ መረጃ ሰብስቦ፣ ለጥቂት ወራት ብቻ ውጭ ላብራቶሪ ሠርቶ የሚመለስበት። ቤቱ እዚህ፣ አማካሪው እዚህ፣ ዲግሪው ከዚህ። ስኮላርሺፕ የምታስተዳድሩ ሁሉ ከሙሉ ጉዞ ይልቅ ይህን አብዙት፤ ወጪው ያንሳል፣ ተማሪውም ይመለሳል።

«ሴት ልጅ ፒኤችዲ ጀምራ፣ ደግሞ ልጅ ወልዳ፣ እንዴት ይሆናል?»

ይሆናል፤ እንዲሆን ካደረጋችሁት። መቀመጫው ትሪየስቴ፣ ጣሊያን የሆነው የታዳጊው ዓለም የሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት፣ ኦደብሊውኤስዲ፣ ሴቶች ከአገራቸው ውጭ በሌላ ታዳጊ አገር በሳይንስና በምሕንድስና ፒኤችዲ እንዲሠሩ ይከፍላል፤ ከፊሉን እዚያ ከፊሉን በአገራቸው እንዲሠሩም ይፈቅዳል። እኛስ? ተማሪዋ ስትወልድ የምርምር ጊዜዋ ይቆጠርባታል ወይስ ይቆምላታል? የወሊድ ፈቃዷ ወራት ከስፖንሰር ዘመኗ ላይ አይቀነሱ፤ የስኮላርሺፕ የዕድሜ ጣሪያ ስትወስኑም ልጅ ያሳደገችባቸውን ዓመታት ደምሩላት። ከዚህ በኋላ አልቻለችም የሚል ሰው ማስረጃውን ያምጣ።

«ለመመረቅ ጽሑፍህን አሳትም፤ የማሳተሚያውን ደግሞ ራስህ ቻል።»

ይህን ለተማሪው ከመንገራችሁ በፊት የማያውቀውን ንገሩት። ኢትዮጵያ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ዓለም አቀፍ አሠራር የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ናት። በዚህ ምክንያት በሺህ የሚቆጠሩ መጽሔቶችን ዩኒቨርሲቲዎቻችን ያለ ክፍያ ማንበብ ይችላሉ፤ በርካታ ታላላቅ አሳታሚዎችም ከእንዲህ ዓይነት አገር የመጣን ጽሑፍ የማሳተሚያ ክፍያ ይምራሉ። ምሕረቱ ግን ጽሑፉ ሲላክ መጠየቅ አለበት። የማያውቅ ተማሪ ተጨንቆ፣ ቀኑ ደርሶበት፣ በሦስት ቀን «ተቀብለናል» ብሎ በዶላር ለሚያስከፍለው የሐሰት መጽሔት ይከፍላል። ገንዘቡም ይጠፋል፣ ስሙም ይጎዳል። ይህን የሚያስተምር አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በቂ ነው። ምንም በጀት አይጠይቅም፤ ስለዚህ ነገ ጀምሩት።

«የእኔ ፕሮጀክት ላይ ሥራ፣ ልምድ ታገኛለህ።»

ዶክተር፣ ልምዱ መልካም ነው፤ ግን ፕሮጀክቱ ለረዳት ተመራማሪ የያዘው ገንዘብ አለ። ዳታውን የሰበሰበው እሱ ከሆነ ክፍያውም የእሱ ነው፤ ጽሑፉ ሲታተምም ስሙ ከደራሲያኑ ጋር ይግባ። ግራንት አምጥተው ተማሪዎቻቸውን በደመወዝ የሚያሠሩ፣ ማሽን ገዝተው ለሌላ ክፍል ተማሪ ጭምር የሚከፍቱ አማካሪዎች አሉ። የእነዚህ ሰዎች ተማሪዎች ይመረቃሉ። ምስጋና ለእነሱ ይሁን፤ የሌሎቻችሁም ደንብ የእነሱ ተግባር ይሁን።

«ገንዘቡ ቢሰጣቸውስ፣ በልተውት ቢቀሩ?»

የበላ ይጠየቅ። በየስድስት ወሩ ሪፖርት ያቅርብ፣ ዳታውን ለዩኒቨርሲቲው ያስረክብ፣ የተገዛው ዕቃ በንብረት ክፍል ይመዝገብ። ተማሪዎችም ይህን በደስታ ይቀበሉት፤ የሕዝብ ገንዘብ የተቀበለ ሰው የሠራውን ለሕዝብ ማሳየት አለበት። ጥናቱ በተካሄደበት ወረዳ ተመልሶ ውጤቱን በሕዝቡ ቋንቋ መንገር የዚህ አካል ነው። ይሁንና አንድ ሰው ሊበላ ይችላል ብሎ ሁሉንም ማስራብ ቁጥጥር ሊባል አይችልም።

«አገሪቱ ድሃ ናት፣ አይገባህም?»

ይገባኛል፤ ግን ታሪኳንም አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1958፣ አብዛኛው አፍሪካ ገና በቅኝ ግዛት ሥር ሳለ፣ ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች የነፃ ትምህርት ዕድል ሰጠች። በዚያ ዘመን ከተማሩት አንዱ ኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነው ሮበርት ኡኮ ነው፤ የመጀመሪያ ዲግሪውን የያዘው አዲስ አበባ ላይ ነው። ያን ጊዜ ከዛሬ የበለጠ ሀብታም አልነበርንም። የከፍተኛ ትምህርት ተቋሞቻችን ጥቂት ነበሩ፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በየክልሉ ነው። ያኔ የሌላ አገር ልጅ ለማስተማር የወሰነች አገር ዛሬ የራሷን ተመራማሪ ለማስጨረስ መወሰን ያቅታታል ብዬ አላምንም። ደግሞ ድሃ የሆነ አገር ነው ምርምሩን አጥብቆ የሚፈልገው። ስንዴው ዋግ የሚመታው የእኛ ነው፤ ወባው፣ የመሬት መንሸራተቱ፣ የጨው አፈሩ የእኛ ነው። ለእነዚህ መልስ የሚፈልግልን ሌላ ማን አለ?

«እሺ፣ ምን ይደረግ ነው የምትለው?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። አንደኛ፣ የቅበላ ደብዳቤው ላይ የምርምሩ ገንዘብ በብር ተጽፎ ይውጣ፤ ከማን እንደሚከፈልና መቼ እንደሚለቀቅም ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ለጥናቱ ዘመን በሙሉ ይጽደቅ፤ ሰኔ 30 አይቁረጠው፤ ዋጋ ሲንር ይከለስ። ሦስተኛ፣ ላኪው ዩኒቨርሲቲና ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትኛውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ተፈራርመው ይጨርሱ፤ ተማሪው በሁለቱ መካከል ደብዳቤ እያመላለሰ ዓመት አይጨርስ። አራተኛ፣ የገጠር መስክ ሥራን የሚያውቅ የሒሳብ መመሪያ ይውጣ። አምስተኛ፣ በየድኅረ ምረቃ ቢሮው ስኮላርሺፖችን መስፈርታቸውን አጣርቶ ለትክክለኛው ተማሪ በጊዜው የሚነግር አንድ ባለሙያ ይመደብ። አንዱም ሰማይ መቧጠጥ አይደለም።

«እንዲህ ከተደረገማ የምንቀበለው ተማሪ ቁጥር ይቀንሳል!»

ይቀንስ። አሥር ተማሪ ተቀብሎ ሦስቱን ከማስመረቅ አምስት ተቀብሎ አምስቱንም ማስመረቅ ይሻላል። ሪፖርታችሁ ላይ የተመዘገበውን ስትጽፉ የተጠናቀቀውንም አብራችሁ ጻፉ፤ ገበሬውን፣ ታማሚዋንና ፋብሪካውን የሚጠቅማቸው የተጠናቀቀው ጥናት ነው። ቁጥሩ ከፍ እንዲል የሚፈልግ በጀቱን ከፍ ያድርግ።